ፓኖራማ ለጀማሪዎች፦ የአንኮበርን ገደል በአንድ ፎቶ እንዴት እናስቀር?

«አንኮበር አፋፍ ላይ ቆሜ ያየሁት ሌላ፣ ስልኬ ላይ የቀረው ሌላ። ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ አሁንም አሁንም ይደርሰኛል። አንዱ ከጣርማበር፣ አንዱ ከመንዝ ጓሳ፣ ሌላው ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ያነሳውን ፓኖራማ፣ ማለትም ከጎን ወደ ጎን የተዘረጋ ሰፊ ፎቶ፣ ይልክልኛል። የብዙዎቹ ችግር ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ ፎቶው ረዝሞና ቀጥኖ ገደሉ ገደል መሆኑ ቀርቷል። ወይ ሰማዩ ላይ ቀጥ ያሉ ጥላማ መስመሮች ወጥተዋል። ወይ ደግሞ ከፊት ያለው የድንጋይ ካብ መሃል ላይ ተሰብሯል።

ሦስቱም የሚበላሹት እዚያው ቦታው ላይ፣ ስታነሱ ነው። የመገጣጠሚያ ፕሮግራሙ የሰጣችሁትን ያያይዛል፤ ከዚያ ያለፈ ተአምር አይጠበቅበትም። ስለዚህ ከታች ካሉት ደረጃዎች የሚበዙት ስለ አነሳሱ ናቸው። እነሱን በደንብ ከያዛችሁ መገጣጠሙ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

አሠራሩ ባጭሩ ይኼ ነው፦ አንድ ቦታ ቆማችሁ፣ እየዞራችሁ፣ እርስ በርስ የሚደራረቡ ፎቶዎች ታነሳላችሁ። ከዚያ ፕሮግራም ወደ አንድ ሰፊ ፎቶ ይቀይራቸዋል። በስልክም በካሜራም ይሠራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ስልክ ወይም ካሜራ። ስልኩ «ፕሮ» የሚባል የካሜራ ሞድ ካለው በጣም ጥሩ። ከሌለውም ይሠራል።
• ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ።
• ሜትር ተኩል ያህል ቀጭን ክር፣ አንድ ጠጠርና አንድ የገንዘብ ላስቲክ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ታያላችሁ።
• ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ)፣ ካላችሁ። ለጀማሪ ግዴታ አይደለም።
• ፓወር ባንክ ወይም ትርፍ ባትሪ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። የጠዋቱ ብርድ ባትሪን ቶሎ ያደክማል። ትርፉን ከጋቢው ሥር፣ ከሰውነታችሁ አስጠግታችሁ ያዙት።
• መገጣጠሚያ ፕሮግራም። ላፕቶፕ ካላችሁ ሃጊን ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ላይትሩም ወይም ፎቶሾፕ ያለው ሰው ሌላ አያስፈልገውም። ላፕቶፕ የሌለው የአንድሮይድ ተጠቃሚ ቢሞስቲች የሚባለውን አፕ ይሞክር።

ከመሄዳችሁ በፊት፦ ሰዓቱን ምረጡ

ፓኖራማ ሰፊ ስለሆነ ፀሐይ አንድ ጥግ ላይ የመግባት ዕድሏ ከተራ ፎቶ ይበልጣል። ፀሐይ ፍሬም ውስጥ ከገባች አንዱ ጫፍ ይነጣል፣ ሌላው ይጨልማል። ስለዚህ ፀሐይን ከጀርባችሁ ወይም ከጎናችሁ የምታደርግ ሰዓት ምረጡ።

አንኮበር ላይ ቆላውን፣ ወደ አፋር በኩል ያለውን ስታዩ ፊታችሁ ወደ ምሥራቅ ነው። ጠዋት ፀሐይ ዓይናችሁ ውስጥ ናት ማለት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ አንሱ። በጣም ካመሸ ደግሞ የደጋው ጥላ ሸለቆውን መሸፈን ይጀምራል። ጀማን ከምሥራቅ አፋፉ ወደ ምዕራብ የምታነሱ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ጥሩ ብርሃን አለ።

ከወቅቱ ደግሞ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያሉት ሳምንታት፣ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ፣ አየሩ የታጠበና ሩቁ የሚታይበት ነው። በጋው ሲገፋ ቆላው በአቧራና በጭጋግ ይደበዝዛል። ጣርማበር ላይ ጉም እየተነሳ ከሆነ አትቸኩሉ። ጉም በሰከንዶች ስለሚንቀሳቀስ ሁለት ተከታታይ ፎቶዎች አይመሳሰሉም፤ ፕሮግራሙም የሚያያይዝበት ምልክት ያጣል። ገለጥ እስኪል ጠብቁ።

አነሳሱ

1. ከፊታችሁ ቅርብ ነገር የሌለበት ቦታ ቁሙ።
ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክሩ ከእናንተ እስከ አምስት ሜትር ድረስ ካብ፣ አጥር፣ ቅርንጫፍ ወይም ሰው አይኑር። ቅርብ ያለ ነገር ካሜራው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ከኋላው ካለው ተራራ አንጻር ቦታውን ይቀይራል። መሰበር የሚባለው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሩቅ ያለ ተራራ ግን ብትንቀሳቀሱም እዚያው ነው። ገደሉን ብቻ ስታነሱ ስህተታችሁ ብዙ አይታይም። ካብና ጅብራ ከፊት አስገብታችሁ ማንሳቱን እጃችሁ ከለመደ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

2. ሌንሱን ጥረጉ፣ ዋናውን ሌንስ ተጠቀሙ።
ስልካችሁ ላይ 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ ተዉት፤ 1 የሚለው ላይ አድርጉ። ሰፊው ሌንስ የፎቶውን ጠርዝ ይለጥጣል። የሚደራረበው ደግሞ ጠርዙ ስለሆነ፣ የተለጠጠ ነገር ከተለጠጠ ነገር ጋር ማጋጠም ለፕሮግራሙ ይከብደዋል። ካሜራ የያዛችሁ ከ35 እስከ 50 ሚሊሜትር ባለው አንሱ፤ ዙሙንም መሃል ላይ አትንኩት። የፖላራይዘር ፊልተር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ መስታወት) ካለ አውልቁት፤ ሰማዩን ባንድ በኩል አጥቁሮ በሌላ በኩል ያነጣዋል።

3. ስልኩን አቁማችሁ ያዙ።
ሁሉም ሰው አግድም ነው የሚይዘው። ገደሉ የሚጠፋውም በዚህ ነው። ስልኩ ሲጋደም እያንዳንዱ ፎቶ ወደ ጎን ይሰፋል እንጂ ከላይ ወደ ታች የሚያየው ትንሽ ነው። ስፋቱን ደግሞ በመዞር ታገኙታላችሁ፤ ቁመቱን ግን ከሌላ ቦታ አታመጡትም። አቁማችሁ ስትይዙ አፋፉም፣ ገደሉም፣ ታች ያለው ማሳም ይገባል።

በቁጥር እንየው። ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ ሲቆም ፎቶው ወደ ጎን 3,000፣ ወደ ላይ 4,000 ፒክስል ገደማ ነው። ስድስት ፎቶ በሲሶ እያደራረባችሁ ብታነሱ 13,000 በ4,000 ፒክስል የሚሆን ፓኖራማ ታገኛላችሁ። ሲጋደም ግን ቁመቱ ከ3,000 አያልፍም፤ ጠርዙ ሲቆረጥ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

4. የሚቀያየረውን ሁሉ ቆልፉ።
ከሁሉም ደረጃዎች አንድ ብቻ አስታውሱ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ስልካችሁ ብልጥ ነው፤ ወደ ጥቁር ዐለት ስታዞሩት ብርሃን ይጨምራል፣ ወደ ሰማይ ስታዞሩት ይቀንሳል። ለአንድ ፎቶ ይህ ጥሩ ነው። ለፓኖራማ ግን አንዱን የሰማይ ክፍል ነጭ፣ ቀጥሎ ያለውን ግራጫ ያደርገዋል። ሰማዩ ላይ የምታዩዋቸው ቀጥ ያሉ ጥላማ መስመሮች የሁለት ፎቶ መጋጠሚያዎች ናቸው።

በተራ የስልክ ሞድ፦ ልታነሱት ካሰባችሁት እይታ ደመቅ ወዳለው ክፍል፣ ለምሳሌ ገደሉ ከሰማዩ ጋር ወደሚገናኝበት፣ ስልኩን አዙሩ። ስክሪኑን በጣታችሁ ነክታችሁ ያዙት፤ ቶሎ አትልቀቁ። በብዙ ስልኮች የቁልፍ ምልክት ወይም የመቆለፍ ጽሑፍ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ብርሃኑም ፎከሱም አይቀያየርም። ብሩህ ክፍል ላይ የምንቆልፈው ለምን መሰላችሁ? የጨለመን ቦታ በኋላ በኤዲቲንግ ማንሳት ይቻላል። ነጥቶ የጠፋ ደመና ግን አይመለስም።

በፕሮ ሞድ ወይም በካሜራ፦ ሁሉን በእጃችሁ አድርጉት። ለፀሐያማ ቀን የሚከተለው መነሻ ይሆናችኋል።
• አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ስሜት) 100።
• ካሜራ ላይ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8። የስልክ አፐርቸር አብዛኛውን ጊዜ ስለማይቀየር እለፉት።
• የሹተር ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ካሜራ ላይ ከ1/250 ሰከንድ ጀምራችሁ ሞክሩ። ስልክ ላይ ከዚያ በጣም ፈጠን ማለት አለበት። ደመናው ነጥቶ ከጠፋ ፍጥነቱን ጨምሩ።
• ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) የፀሐይ ምልክቱ ላይ ወይም 5,500 ኬልቪን አካባቢ። አውቶ ላይ ከተዋችሁት አንዱ ፎቶ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይወጣል።
• ፎከስ ሩቅ ያለ ነገር ላይ አድርጋችሁ ወደ ማኑዋል ቀይሩት።

ኤችዲአር (ጨለማውንና ብርሃኑን በራሱ የሚያመጣጥነው)፣ የማስዋቢያ ሞድና ትዕይንቱን አይቶ ቀለም የሚቀይረው አውቶማቲክ ነገር ካሉ አጥፏቸው። እያንዳንዱን ፎቶ ለየብቻ ስለሚያቀነባብሩ የቆለፋችሁትን መልሰው ይፈቱባችኋል።

5. ሳታነሱ አንድ ጊዜ ዙሩ።
የስክሪኑን መስመሮች፣ ግሪድ የሚባለውን፣ ክፈቱ። ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ እያያችሁ ዙሩ። አድማሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንዱ መስመር ላይ መቆየት አለበት። እየወረደ ከሄደ ስልኩን ወደ ላይ እያቀናችሁት ነው። ይህን ካላስተካከላችሁ ፎቶዎቹ ደረጃ ይሠራሉ። ሲገጣጠሙም ከላይና ከታች ብዙ ስለሚቆረጥ ያተረፋችሁት ቁመት ይሄዳል። እግራችሁን የመጨረሻው ፎቶ ወዳለበት አቅጣጫ አድርጋችሁ፣ ወገባችሁን ወደ መጀመሪያው አዙራችሁ ብትጀምሩ ስትጨርሱ ሰውነታችሁ ይፈታል፣ እጃችሁም አይንቀጠቀጥም።

6. ራሳችሁን ሳይሆን ሌንሱን መሃል አድርጋችሁ ዙሩ።
ሰው በተፈጥሮው እጁን ዘርግቶ በራሱ ዙሪያ ይዞራል። ያኔ ስልኩ የክንድ ያህል ራዲየስ ያለው ክብ ላይ ይሄዳል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፎቶ ሜትር ያህል ተጉዟል ማለት ነው። የካቡ መሰበር ምክንያቱ ይኸው ነው።

እንዲህ እዩት። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ። አውራ ጣታችሁን አቁማችሁ ሩቅ ካለ የባሕር ዛፍ ግንድ ጋር አስተካክሉት። አሁን ጭንቅላታችሁን አንድ ስንዝር ወደ ጎን ውሰዱ። ጣታችሁ ከግንዱ ራቀ። ካሜራውም ሲንቀሳቀስ ቅርቡንና ሩቁን የሚያየው እንደዚሁ ነው። አንዱ ፎቶ ላይ የካቡ ድንጋይ ከዛፉ ግራ፣ ሌላው ላይ ከዛፉ ቀኝ ከሆነ ፕሮግራሙ የትኛውን ይመን?

መፍትሔው ክርና ጠጠሩ ነው። ክሩን በገንዘብ ላስቲኩ ሌንሱን ሳይሸፍን ልክ ከሌንሱ አጠገብ እሰሩት። ሌላኛው ጫፍ ላይ ጠጠሩን አንጠልጥሉ። ስልኩን ደረታችሁ ፊት ስትይዙ ጠጠሩ መሬት ለመንካት አንድ ጣት ያህል እንዲቀረው ክሩን አሳጥሩ። ከጠጠሩ ሥር ሳንቲም ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ። አሁን በየፎቶው ጠጠሩ ሳንቲሙ ላይ መሆኑን እያያችሁ፣ እናንተ ስልኩን ዙሩት። እግራችሁ ትንሽ ትንሽ እየተራመደ በሳንቲሙ ዙሪያ ይሄዳል፤ ስልኩ ግን ቦታውን አይለቅም። መጀመሪያ ያስቸግራል። ሁለት ሦስቴ ካደረጋችሁት በኋላ ያለ ክርም ይመጣላችኋል። ነፋስ ሲበረታ ጠጠሩን ከበድ ባለ ነገር ቀይሩት።

አደራ፦ ይህን ገደል አፋፍ ላይ አታድርጉ። ዓይናችሁ ስክሪንና ጠጠር ላይ ነው፤ እግራችሁ ደግሞ እየተራመደ ነው። ከጫፉ ቢያንስ አራት አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ቁሙ። መጠጋት ግድ ከሆነ ሁለት እግራችሁን ተክላችሁ በወገባችሁ ብቻ ዙሩ፤ ከፊታችሁ ቅርብ ነገር ስለሌለ ፎቶው አይጎዳም።

7. በሲሶ አደራርቡ።
የቆርቆሮ ጣሪያ ስትመቱ አንዱን ሉሕ ባንዱ ላይ ካላሳረፋችሁት ዝናብ ይገባል። ፎቶም እንደዚያው ነው። ፕሮግራሙ ሁለቱም ፎቶ ላይ ያለ አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ ዛፍ ወይም ጣሪያ ፈልጎ ነው የሚያያይዘው። መደራረቡ ከሲሶ ሲያንስ የሚይዘው ነገር ያጣል። ከግማሽ በላይ ከሆነ ደግሞ ፎቶው ይበዛል እንጂ ጥቅም የለውም።

ለመለካት ቀላሉ መንገድ፦ ከስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ሲሶው ላይ ያለውን ቋሚ የግሪድ መስመር እዩ። እዚያ ላይ የወደቀውን ነገር፣ አንድ ጎጆም ቢሆን አንድ ዛፍ፣ ልብ በሉ። አንሱ። ከዚያ ያ ጎጆ የግራው ጠርዝ ላይ እስኪደርስ ዙሩ። አሁንም አንሱ። ከግራ ጠርዝ እንዳይወጣ ብቻ ተጠንቀቁ። ሣር ብቻ በሆነ ሜዳ፣ ለምሳሌ ጓሳ ሜዳ ላይ፣ ሁሉም ስለሚመሳሰል መደራረቡን ወደ ግማሽ ከፍ አድርጉት።

ስንት ፎቶ ይበቃል? የቆመ ስልክ በዋና ሌንሱ 50 ዲግሪ አካባቢ ያያል። ግማሽ ክብ፣ 180 ዲግሪ፣ ለማንሳት ስድስት ወይም ሰባት በቂ ነው። ባለ ትልቁ ሴንሰር ካሜራ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ሲቆም የሚያየው 27 ዲግሪ ነው፤ ለተመሳሳይ እይታ አሥር ያስፈልገዋል። አሥራ አንድ ብታነሱ አትጎዱም።

8. መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የእጃችሁን ፎቶ አንሱ።
ከመጀመሪያው ፎቶ በፊት መዳፋችሁን፣ ከመጨረሻው በኋላ ጭብጣችሁን ከሌንሱ ፊት አድርጋችሁ አንድ አንድ ፎቶ አንሱ። ማታ ጋለሪ ስትከፍቱ ሰማንያ ተመሳሳይ የገደል ፎቶ ነው የምታገኙት። የትኛው ከየት እንደሚጀምር የሚነግራችሁ እጃችሁ ነው።

9. ፈጠን በሉ፤ የሚንቀሳቀሰውን መሃል ላይ አንሱት።
ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፎቶ ከግማሽ ደቂቃ ብዙ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ደመና ይሄዳል፣ የደመናው ጥላም ገደሉ ላይ ይሄዳል። ጓሳ ላይ የጭላዳ መንጋ ሲግጥ ካገኛችሁ ደግሞ አንዱ ጭላዳ ሁለት ቦታ ሊወጣ፣ ወይም ግማሽ አካሉ ሊቀር ይችላል። መንጋውን መደራረቢያው ላይ አታስቀምጡት፤ የአንድ ፎቶ መሃል ላይ እንዲውል አስልታችሁ ዙሩ። መሃሉን ፕሮግራሙ አይቆርጠውም። በነፋስ የሚወዛወዝ ቅርንጫፍም ያው ነው።

10. ሳትነሱ ፈትሹ፣ ድገሙ።
እዚያው ቆማችሁ ፎቶዎቹን አገላብጡ። የደበዘዘ አለ? የተዘለለ አለ? የጋቢያችሁ ጫፍ በነፋስ ገብቷል? የራሳችሁ ጥላ ሣሩ ላይ ወድቋል? ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንዲት ለተዘለለች ፎቶ ተመልሶ የሚሄድ የለም። ደህናም ቢሆን አንድ ዙር ድገሙት።

አገጣጠሙ

11. ፎቶውን ሳታሳንሱ ወደ ኮምፒውተር አሳልፉ።
በኬብል ቢሆን ይመረጣል። በቴሌግራም ከላካችሁ በ«ፋይል» ላኩት። በተራ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል፤ ከፎቶው ጋር የነበረው የሌንስ መረጃም ይጠፋል። ሃጊን መረጃውን ሲያጣ ያቆምና ይጠይቃችኋል። ያኔ የሌንስ ርዝመቱን 26፣ ክሮፕ ፋክተሩን 1 ብላችሁ ሙሉት፤ ለብዙ ስልኮች ዋና ሌንስ የሚቀርብ ቁጥር ነው። የእጃችሁን ፎቶዎች አውጡና ለእያንዳንዱ ፓኖራማ የራሱ ፎልደር ሥሩለት።

12. ገጣጥሙ።
በሃጊን፦ ፕሮግራሙ ሲከፈት ላይኛው በኩል ሦስት ተራ አዝራሮች አሉ። የመጀመሪያው ፎቶዎቹን ያስገባል። ሁለተኛው «አላይን» ይባላል፤ የጋራ ነጥቦችን ፈልጎ ያስተካክላል። ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፣ ታገሡት። ውጤቱን ካያችሁ በኋላ ሦስተኛው ፓኖራማውን ይሠራላችኋል።
በላይትሩም፦ ፎቶዎቹን ሁሉ ምረጡና ከ«ፎቶ መርጅ» ውስጥ «ፓኖራማ» በሉ። ቀለም የምታስተካክሉት ከተገጣጠመ በኋላ ነው፤ አስቀድማችሁ አንዳንዱን ብቻ ከነካካችሁ ደረጃ 4 ላይ የለፋችሁበት ከንቱ ይሆናል።

ሁለቱም ጋ ፕሮጀክሽን የሚባል ምርጫ አለ፤ ዙሪያውን ያለው እይታ ጠፍጣፋ ፎቶ ላይ የሚዘረጋበት መንገድ ነው። ሰፊ ለሆነ ገደልና ተራራ «ሲሊንድሪካል» ይሁን፤ አድማሱን ቀጥ፣ ዛፎቹንም ቀጥ ያደርጋል። «ፐርስፔክቲቭ» (ሃጊን ላይ «ሬክቲሊኒየር» ይባላል) ለጠባብ እይታ፣ ለቤትና ለግንብ ነው። ከ100 ዲግሪ ካለፈ ጫፎቹን ክፉኛ ይለጥጣቸዋል።

13. አድማሱን አስተካክሉ፣ ቁረጡ።
ገና የተገጣጠመ ፎቶ ጠርዙ የተሸረፈ ነው። አይደንግጣችሁ። አድማሱ ከጎበጠ ሃጊን ላይ «ስትሬትን» የሚለውን ተጫኑ። ከዚያ «አውቶክሮፕ» ጥቁሩን ጠርዝ ይቆርጠዋል። ላይትሩም ላይ «ባውንደሪ ዋርፕ» የሚባለው ባዶውን ጥግ በመሳብ ይሞላዋል፤ ለተራራ ምንም አይደል፣ ቤት ካለበት ግን ግድግዳ ሊያጎብጥ ይችላል።

14. አስቀምጡ፣ አሳትሙ።
ዋናውን በቲፍ፣ ለሰው የምትልኩትን በጄፔግ አስቀምጡ። ለኅትመት በኢንች 200 ፒክስል ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሰፊ ፎቶ ጥሩ ይወጣል። በዚህ ስሌት ከላይ ያየነው የስድስት ፎቶ ፓኖራማ ተቆርጦ 12,000 በ3,500 ቢሆን አንድ ሜትር ተኩል በ44 ሳንቲሜትር ይታተማል። ከአንድ ተራ ስልክ!

የስልኩ የራሱ ፓኖራማ ሞድስ?

ለፈጣን ነገር ይሆናል። እሱንም ስልኩን አቁማችሁ አንሱ፤ ከመጀመራችሁ በፊት ስክሪኑን ነክታችሁ ብርሃኑን ቆልፉ፤ ቀስ ብላችሁ በአንድ ፍጥነት ዙሩ። ፍላጻው ከመስመሩ እንዳይወጣ። ጥራቱ ግን ለየብቻ ተነስቶ ከተገጣጠመው ያንሳል፤ አንዴ ከተሳሳተም የሚጠገንበት መንገድ የለም። ለየብቻ ያነሳችሁት ግን ዛሬ ባይገጥም ነገ በሌላ ፕሮግራም ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ማስጠንቀቂያ

• ስክሪን እያያችሁ ወደ ኋላ አትራመዱ። አፋፍ ላይ ያለ ሣር ጠዋት በጤዛና በውርጭ ይንሸራተታል።
• ጣርማበር ዋሻ አካባቢ አስፋልቱ ላይ ቆማችሁ አታንሱ። ከባድ መኪና ከጉም ውስጥ ድንገት ነው የሚወጣው። መኪናችሁን ሰፋ ያለ ዳር ላይ አቁማችሁ በእግር ራቅ በሉ።
• ጭላዳዎቹን አትከተሉ፣ ምግብም አትስጡ። ከተቀመጣችሁ ራሳቸው ይለምዷችኋል።
• ፓኖራማ ሰፊ ነው፤ ያላሰባችሁት ሰው፣ ግቢና ተቋም ይገባበታል። ሰው ካለ ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አስፈቅዱ። ጥበቃ ወዳለበት ግቢ ካሜራ አታዙሩ።
• ከብርድ ወጥታችሁ ሙቅ ክፍል ስትገቡ ካሜራውን ከቦርሳ ቶሎ አታውጡት። ሌንሱ ላይ ላብ ይቋጠራል።

የተለመዱ ስህተቶችና መፍትሔያቸው

ፕሮግራሙ «አልገጠመም» ቢል፦ መደራረቡ አንሷል ወይም መሃል ላይ አንድ ፎቶ ተዘሏል። ባዶ ሰማይ ወይም ጉም ብቻ ያለበት ፎቶ ካለ አውጡትና እንደገና ሞክሩ። ሃጊን ላይ «ኮንትሮል ፖይንትስ» ገብታችሁ ሁለቱም ፎቶ ላይ ያለውን አንድ ድንጋይ በእጃችሁ ማመልከትም ይቻላል። አራት አምስት ነጥብ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ካቡ ተሰብሮ ከሆነ፦ ደረጃ 6 ነው። ትንሽ ከሆነ ፎቶሾፕ ላይ ይጠገናል፤ ብዙ ከሆነ የፊቱን ክፍል ከታች ቁረጡት።

አንድ ሰው ሁለት ቦታ ከወጣ፦ ሃጊን ላይ «ማስክስ» አለ። አንዱ ፎቶ ላይ ሰውዬውን ከባችሁ «ይውጣ» ካላችሁት ከሌላኛው ፎቶ ባዶውን ቦታ ይወስዳል። ይህ የሚሆነው መደራረቡ በቂ ሲሆን ብቻ ነው።

ሰማዩ መስመር መስመር ከሆነ፦ ብርሃኑ አልተቆለፈም፣ ወይም ፖላራይዘሩ አልወለቀም። ቀለል ያለውን የፕሮግራሞቹ ማዋሃጃ ይሸፍነዋል። ካልሸፈነው ቆልፋችሁ እንደገና ማንሳት ነው።

ላፕቶፑ መሃል ላይ ቀጥ ካለ፦ ፎቶዎቹ በዝተው ወይም ከብደው ነው። ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ዝጉ። ካልሆነ የፎቶዎቹን መጠን በግማሽ ቀንሳችሁ ሞክሩ፤ ሁሉንም እኩል ቀንሱ እንጂ አንዳንዱን ብቻ አይሁን።